ሦስት እየመጡ ሁለት ስትቀሩ፦ በቁጥር ተበልጦ መከላከልን እንዴት እናሰልጥን?

ኮርነር አገኘን። ልጆቹ በሙሉ ወደ ፊት ወጡ፣ ቁመት የሌላቸውም ጭምር። ኳሷ ተሻማች፣ የተጋጣሚ በረኛ በሁለት እጁ ለቀማት፣ ወዲያው ወረወራት። ዞር ስል ሦስት ልጆች ወደ ጎላችን እየበረሩ ነው። እኛ ጋ የቀሩት ሁለት ተከላካዮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ከሩቅ ተንደርድሮ ኳሷ ላይ ተንሸራተተ። ሳታት። ቀሪው አንድ ለሦስት ሆነ፣ ጎል ገባ።

ከጨዋታው በኋላ ሁሉም ተንሸራታቹን ልጅ ወቀሰ። እኔም ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ምን ብዬ? አንድ ዓመት ሙሉ ሳሰለጥነው በቁጥር ሲበለጥ ምን ማድረግ እንዳለበት አንድም ቀን አላሳየሁትም። ልምምዳችን ሁልጊዜ አምስት ለአምስት፣ ስድስት ለስድስት ነበር። ጎል የሚገባብን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ሳንሆን ነው።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ብቻ እሰጣለሁ። አካሄዴ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ንገሯቸው

ልጆች መከላከል ሲባል ኳስ መንጠቅ ይመስላቸዋል። በቁጥር ስትበለጥ ግን ሥራህ ማዘግየት ነው። ደህና የሚሮጥ ልጅ በአራት ሰከንድ 20 ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ተከላካዩ አጥቂውን አራት ሰከንድ ካዘገየው ወደ ፊት ወጥተው የነበሩት አማካዮች ይደርሱለታል። የተንሸራተተው ልጅ ያጠፋው እነዚያን አራት ሰከንዶች ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለልጆቹ ይከብዳቸዋል፤ ሁሉንም መያዝ አይቻልም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አንዱን አጥቂ መተው ግዴታ ነው። የሚተወው ከጎል የራቀው፣ ዳር ያለው ነው። መሀሉ በፍጹም አይለቀቅም። ከመሀል የሚመታ ሰው 7 ሜትር ከ32 የሚሰፋ ጎል ሙሉውን ያየዋል። ዳር ላይ ያለው ግን በረኛው ቅርቡን ቋሚ ከዘጋበት የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ ነው።

አንድ ለሁለት

ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ ለዩ። ኮን ከሌላችሁ ድንጋይም ጫማም ይሠራል። አንድ ጎል፣ አንድ በረኛ፣ አንድ ተከላካይ። ከወዲያኛው ጫፍ ሁለት አጥቂዎች ኳስ ይዘው ይነሳሉ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በእርምጃ አሠሯቸው። ሩጫው በኋላ ይደርሳል።

አቋሙ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ፊት ለፊት ገትሮ የቆመ ተከላካይ ኳስ በእግሮቹ መሀል ታልፈዋለች፣ ለመዞርም ይዘገያል። አንድ እግሩን ቀደም ያድርግ፣ ጉልበቱን አጠፍ፣ ጎኑን ሰጠት አድርጎ ሁለቱንም አጥቂዎች የሚያይበት ሆኖ ይቁም። ከኳስ ያዡ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። ቦታው በሁለቱ መሀል ሆኖ፣ የቅብብሉን መንገድ የሚዘጋ መሆን አለበት። ያኔ ኳስ የያዘው ልጅ መሀሉ ተዘግቶ ዳሩ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ዳር ይሄዳል። እኛም የፈለግነው ይሄንኑ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ መሸሽ። በሸሸ ቁጥር አንድ ሁለቴ ወደ ኳሷ የሚገባ ይምሰል፣ ወዲያው ይመለስ። ይቺን የማስመሰል ነገር ናቅ አታድርጓት። አጥቂው ኳሷን ለመጠበቅ አንገቱን ይደፋል፤ አንገቱን የደፋ ልጅ ደግሞ ጓደኛውን አያይም። አንድ ሰከንድ ተገኘ ማለት ነው።

እስከ የት ነው የሚሸሸው? ልጆቹ ሁሉ የሚጠይቁኝ ይሄንን ነው። የእኔ መልስ እስከ 16 ከ50 መስመር፣ ማለትም እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ነው። ከዚያ ወዲያ መሸሽ ለአጥቂው ቦታ መስጠት ነው። እዚያ ሲደርስ ይቁምና በእግሩ እንደቆመ ኳሷን ይጋፈጥ። መሬት መውረድ የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

በረኛው ተመልካች አይደለም። ከተከላካዩ ጋር አስቀድመው ውል ይግቡ፤ ምቱ የበረኛው፣ ፓሱ የተከላካዩ። አጥቂው ኳሷን አርቆ ከገፋት በረኛው ሳያመነታ ይወጣል። ሌላው ሥራው አፉ ነው። እሱ ሁሉንም ያያል። «አዘግየው!»፣ «ግራህ ጋ ሰው አለ!» ማለት አለበት። ዝምተኛ በረኛ ካላችሁ ልምምዱን ሲጮህ ብቻ አስቀጥሉት። ያፍራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ይለምደዋል።

ኦፍሳይድን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ከበረኛው ጋር ብቻውን የቀረ ተከላካይ የኦፍሳይዱን መስመር ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ቸኩሎ ጎሉ ድረስ ከሸሸ ሁለተኛውን አጥቂ በነፃነት አስገባው ማለት ነው። ቀስ ብሎ ከሸሸ ግን ሁለተኛው አጥቂ ከኳሷም ከእሱም ወደ ጎሉ ቀድሞ ኦፍሳይድ ሊገባ ይችላል። ይሁን እንጂ በድንገት ቆሞ እጅ ማንሳትን አታስተምሩ። የሰፈር ጨዋታ ላይ የመስመር ዳኛው ብዙ ጊዜ የተቀየረ ተጫዋች ነው፤ ያውም የተጋጣሚ።

ሁለት ለሦስት

እዚህ ትልቁ ስህተት ሁለቱ ተከላካዮች ጎን ለጎን መቆማቸው ነው። አንድ ፓስ ሁለቱንም ትጥላለች። አንዱ ኳሷን ይጋፈጥ፣ ሌላው ከአራት አምስት ሜትር ኋላ፣ ወደ መሀል ገባ ብሎ ሰያፍ ይቁም። ኳሷ ስትሻገር ይቀያየራሉ። የኋለኛው ወደ ኳሷ ይወጣል፣ የፊተኛው ዞሮ ሽፋን ይሆናል። ሁለት ቃል ይበቃቸዋል፦ «ኳስ!» እና «ሽፋን!»። ሁለቱም «ኳስ!» ካሉ ጉዳችሁ ፈላ።

ሦስተኛውን፣ ዳር ያለውን ይተዉት። ኳሷ እስክትደርሰው ረጅም መንገድ አላት። እሷ ስትጓዝ እነሱም ይንሸራሸራሉ። ኳስ የያዘው መሀል ለመሀል ከመጣ የፊተኛው ተከላካይ በአቋሙ ወደ አንድ ወገን ይግፋው። ወደ የትኛው? ወደ ደካማ እግሩ። በሰፈር ውድድር ለብዙው ልጅ ግራ እግር ለመቆሚያ የተሰጠ ነው።

ለልምምዱ ሜዳውን 40 በ30 አድርጉት። ሦስት አጥቂዎች ከመሀል ሜዳ ይነሳሉ። ከእነሱ 10 ሜትር ኋላ ሁለት ተመላሾች፣ ማለትም ሮጠው ተከላካዮቹን የሚያግዙ ልጆች፣ አቁሙና በዚያው ፊሽካ ልቀቋቸው። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። አጥቂዎቹ በስምንት ሰከንድ ውስጥ ካልመቱ ነጥቡ የተከላካዮቹ ነው። ይሄ ቆጠራ ከማንኛውም ንግግሬ በላይ አስተምሯል። ልጆቹ ኳስ ሳይነጥቁ ማሸነፍ እንደሚቻል ሲያዩ መንሸራተቱን ራሳቸው ይተዉታል።

ተመላሾቹ ወዴት ይሩጡ?

ወደ ኳሷ አይደለም። ኳሷን ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ከአጥቂው ኋላ ሆኖ አቧራ ከመጠጣት በቀር ምንም አይሠራም። የመጀመሪያው ተመላሽ ቀጥታ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ይሩጥ። ሁለተኛው ወደ ኋላ ተመልሳ የምትሰጥ ኳስ የምታርፍበትን፣ የ16 ከ50ን አፍ ይያዝ። እየሮጡም አንገታቸውን ያዙሩ፣ ያልተያዘ ሰው ይፈልጉ። ኳስ አጥቶ ወገቡን ይዞ የሚቆም የክንፍ ተጫዋች ሁሉም ቡድን ውስጥ አለ። እኛ ጋ ኮኖቹን የሚሰበስበው እሱ ነው።

ፋውል

ታዲያ አንዱን ጎትቶ መጣልስ? ይጠይቁኛል፣ እኔም አልዋሻቸውም፤ ትልልቆቹ ያደርጉታል። ሕጉን ግን ይወቁት። ተስፋ የሚጣልበትን ማጥቃት በፋውል ማቋረጥ ቢጫ ያሰጣል። ግልጽ የጎል ዕድል ማጨናገፍ ቀይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ኳሷን ለመጫወት ሞክሮ ያጠፋ በቢጫ ሊያልፍ ይችላል፣ ግን ፍጹም ቅጣት ምቱ አይቀርለትም። የጎተተ ወይም የገፋ ደግሞ ቀዩንም ፍጹም ቅጣት ምቱንም ያገኛል። ለታዳጊ ማዘግየትን ሳያውቅ ፋውልን ማስተማር ግን አይታየኝም።

ቀይ ካርድ ሲመጣ

እዚህ መበለጡ የአንድ ቅጽበት ሳይሆን የጨዋታው ሙሉ ዕጣ ይሆናል። ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ዋልያዎቹን ያየ አይረሳውም። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ጎልም ገባብን። በአሥር ሰው ተጫውተን፣ ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ1 ወጣን።

በአሥር ሰው የምመርጠው አሰላለፍ 4-4-1 ነው፤ አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ አንድ አጥቂ። ሁለቱን መስመሮች ጠበብ አድርጉ፣ ዳሩን ተዉላቸው፣ ሲያሻሙ በጭንቅላት መልሱ። ፊት ያለውን አንድ አጥቂ ግን አታውርዱት። ብዙ አሰልጣኝ በድንጋጤ እሱንም ወደ ኋላ ይስበዋል። አንድ ፈጣን ልጅ ፊት ከቆመ ተጋጣሚ ሁለት ተከላካይ ያቆምበታል። በአንድ ሰው ሁለት ያዛችሁ ማለት ነው፤ የጎደለው ሰው እዚያ ጋ ተተካ። የጣሊያኑ ኢንተር እ.ኤ.አ. በ2010 በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ በባርሴሎና ሜዳ ካምፕ ኑ ላይ ሰው በቀይ ወጥቶበት ኤቶን ያህል አጥቂ እንደ ተከላካይ አጫውቶ፣ 1 ለ0 ተሸንፎም ለፍጻሜ አልፏል። እነሱ ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ1 ይዘው ነው የሄዱት። ያ ትርፍ ለሌለው ቡድን አልመክረውም።

በልምምድ ግማሽ ሜዳ ላይ ስድስት ለስምንት አጫውቷቸው፣ ስምንት ደቂቃ። ከዚያ በላይ ይደክማሉ፣ ሲደክሙም መንሸራተት ይጀምራሉ። ኳስ ሲነጥቁ የመጀመሪያው ፓስ ወደ ሜዳው መሀል አይሁን። እዚያ ተጋጣሚ ሞልቷል፣ ከተነጠቀ እንደገና ሦስት ለሁለት ነው።

ኮርነራችንስ? አሁን ከመሻማቱ በፊት አንድ ሰው ይቆጥራል። ተጋጣሚ ፊት የተወው አንድ ከሆነ እኛ ሁለት እናስቀራለን፣ ሁለት ከሆነ ሦስት። የሚቆጥረው ያ የተንሸራተተው ልጅ ነው። ድምፁ ትልቅ ነው፣ አጫጭሮቹን በስማቸው እየጠራ ይመልሳቸዋል።