ኒጀር ከደቡብ አፍሪካ ትሻላለች? የሥራ አጥነት ቁጥር እንዴት ይነጻጸራል

ዓለም ባንክ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የአፍሪካን ሥራ አጥነት ብታዩ፣ ኒጀር ከ1 በመቶ በታች፣ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ታዲያ ሥራ ፍለጋ ወደ ኒያሜ ነው የሚኬደው? ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ጆሃንስበርግ ነው።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን እዩ። በዓለም ሥራ ድርጅት ደንብ ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገ፣ ቢያገኝም ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። በሳምንቱ ውስጥ አንዲት ሰዓት ለገንዘብ ከሠራ ግን ሥራ አለው ተብሎ ይቆጠራል። ሶፍትና ማስቲካ ይዞ ሲዞር የሚውል ልጅ የምሳውን ባያገኝ እንኳ ሥራ አጥ አይባልም። ለሥራ አጥ ድጎማ በሌለበት አገር ቤት መቀመጥ የሚችለው የሚያበላው ያለው ነው፤ ሌላው ያገኘውን ይሠራል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል።

ናይጄሪያን ተመልከቱ። በሳምንት 20 ሰዓት ያልሞላውን ሁሉ ሥራ አጥ ትል በነበረበት ጊዜ፣ በ2020 መጨረሻ 33.3 በመቶ አስመዘገበች። ወደ ዓለም አቀፉ መለኪያ ስትዞር የ2022 መጨረሻው 5.3 በመቶ ሆነ። ሌጎስ ላይ ተአምር አልወረደም፣ ሜትሩ ነው የተቀየረው። ሁለቱን በአንድ መስመር ያገናኘ ግራፍ ካያችሁ እለፉት።

ሰንጠረዥ ስትሠሩ ሁሉንም አገር ከአንድ ምንጭ ውሰዱ። ዓለም ባንክ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፦ አገሮቹ ራሳቸው ያወጡት እና የዓለም ሥራ ድርጅት በሞዴል የገመተው። ለማነጻጸር ሁለተኛው ይሻላል፣ ግን ጥናት ባልተደረገበት ዓመት የምታዩት ግምት መሆኑን አትርሱ። ደቡብ አፍሪካ በየሦስት ወሩ ትለካለች፣ ብዙዎቹ ግን በዓመታት አንዴ ነው።

የእኛ ደግሞ ዘመን አቆጣጠሩም አለበት። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በፈረንጅ 2021 ነው፤ ውጤቱም በአገር ደረጃ 8 በመቶ፣ በከተማ 18.7 ነበር። የከተማውን ከሌላ አገር ጠቅላላ ጋር እያጋጠመ የሚከራከር ሞልቷል። "ወጣት" ሲባልም ዕድሜውን ጠይቁ፦ ዓለም አቀፉ ከ15 እስከ 24 ነው፣ ኢትዮጵያ እስከ 29፣ ደቡብ አፍሪካ እስከ 34 ትወስደዋለች።

በመጨረሻ ጎን ለጎን ሁለት ዓምድ ጨምሩ። አንዱ ከሠራተኞቹ ስንቱ በግሉ እንደሚፍጨረጨር ወይም ያለ ክፍያ ቤተሰብ እንደሚያግዝ የሚያሳይ ነው፤ የኒጀር ጉድ እዚህ ጋ ይወጣል። ሌላው ተስፋ ቆርጠው ሥራ መፈለግ ያቆሙትን የሚጨምረው ሰፊው መለኪያ ነው። በእሱ ሲታይ ደቡብ አፍሪካ ከ40 በመቶ በላይ ናት።