ቅጠሉ አምሮ ስሩ የጠፋ ቀይ ስር፦ ችግርና መፍትሄ

ከፒያሳ እስከ ቀበና፣ ግቢው ውስጥ ቀይ ስር የሚተክል ሰው በዝቷል። ደስ ይላል። ውሃ ማጠጣቱንና መኮትኮቱን ሁሉም ስለሚያውቀው አልገባበትም። እኔን የሚጠሩኝ ማዳበሪያና ፍግ ያመጣውን ጣጣ እንድመለከትላቸው ነው።

ቅጠሉ ጉልበት ይደርሳል፣ ስሩ አውራ ጣት ያክላል

ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ሰፊና ወፍራም ነው። ስነቅለው ግን ቀጭን ስር ብቻ ይወጣል። ባለቤቱ ወዲያው «ምግብ አንሶት ይሆን? ዩሪያ ልጨምርለት?» ይላል። በፍጹም! አላነሰውም፤ በዝቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ስር በደንብ የሚወርደው ቅጠል የማብቀሉ ሩጫ ጋብ ሲል ነው። ዩሪያና ፍግ ውስጥ ያለው፣ ቅጠል የሚያፋፋው ናይትሮጅን ሳያቋርጥ ከመጣለት ስኳሩን አዲስ ቅጠል ያወጣበታል። አውሮፓ ውስጥ ስኳር የሚመረትበት ሹገር ቢት ከቀይ ስር ጋር አንድ ዝርያ ነው። ስሩ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 በመቶ ስኳር ይይዛል። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይፋፋል፣ የስኳሩ መጠን ግን ይወርዳል። ስሩ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅንም ፋብሪካ ላይ ስኳሩ ጠጥሮ እንዳይወጣ ያስቸግራል። ለዚህ ነው እዚያ በሄክታር ከ100 እስከ 120 ኪሎ ናይትሮጅን ይበቃል የሚባለው። ፍግ ከገባበት ደግሞ ከዚህም ይቀነሳል።

ወደ ግቢያችን ስናመጣው ለ1 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 12 ግራም ናይትሮጅን ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ለሙሉ ወቅቱ 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። ያውም ምንም ፍግ ካልገባ። ሰው ግን ፍግ ካለበሰ በኋላ ዩሪያውን በእፍኝ ይበትናል!

ቀበና አንዲት እናት መደባቸውን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ቅጠሉ እንዲህ አምሮ ስሩን ምን ነካው?» አሉኝ። «እማማ፣ ፍጉን መቼ ጨመሩት?» ስላቸው፣ «ባለፈው ሳምንትም ጨምሬለታለሁ፣ ይጥገብ ብዬ» አሉ። እጄን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። ይሞቃል። ገለባው እንዳለ ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይወጋል። ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ነበር። አራት ኪሎ አንድ ወጣት ደግሞ ጥሬ እበት በጆንያ እያስጫነ አምጥቶ፣ መደቡን ሞልቶት አገኘሁ። ጥሬ ፍግ ክፋቱ ናይትሮጅኑን ቀስ እያለ መልቀቁ ነው። ስሩ መወፈር ሲገባው፣ ያኔ ቅጠሉን ያጠግበዋል።

መፍትሄው፦ ዩሪያና ፍግ መጨመር አሁኑኑ ያቁሙ። ተጠጋግቶ ከበቀለ በመካከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተዉ ያሳሱት። የሚነቀለውን ቅጠሉን እንደ ጎመን ይሥሩት። ቅጠሉን በሙሉ አይመልጡት፣ ስሩን የሚመግበው እሱ ነው። ከዚያ ይታገሱ። ብዙው ዘግይቶም ቢሆን ይወፍራል። ናይትሮጅን የበዛበት ቀይ ስር ናይትሬት የሚባል የናይትሮጅን ውህድ ስለሚያጠራቅም ለጨቅላ ሕፃን አይስጡ።

ለቀጣዩ ዙር ፍጉን ለጎመን ይስጡት። ጎመኑ ከተነሳ በኋላ እዚያው መደብ ላይ ቀይ ስር ይዝሩ። ይሄን ያህል የሚሠራ ዘዴ አላየሁም። የግድ ፍግ ካስፈለገ፣ በደንብ የበሰለውን ለ1 ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ከመዝራት በፊት ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት። የዶሮ ኩስ ከሆነ ከዚህ በጣም ይቀንሱ። መብሰሉን ለማወቅ ትንሽ አርጥበው ፌስታል ውስጥ ይቋጥሩትና ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። ሲፈቱት አፍንጫ ከወጋ፣ አልደረሰም። የአፈር ሽታ ካለው ይጠቀሙት።

አንድ ማጣሪያ፦ ቅጠሉ ገርጥቶ፣ አገዳው ቀጥኖና ተመዞ ከሆነ ማዳበሪያ አይደለም። የጎረቤት ፎቅ ፀሐዩን ጋርዶበታል። ቦታ ይቀይሩ።

ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ከታች ይጀምራል

እዚህ በእርግጥ ናይትሮጅን አንሶታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ግማሹ ሰጋቱራ የሆነ «ፍግ» ነው። ሰጋቱራው ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። እንዲህ ያለውን ፍግ ብሎ መሸጥ በጣም ያናድዳል። ሲገዙ ጆንያውን አስፈትተው፣ እጅዎን እስከ ታች ከተው ይዩ። ለማዳን በ1 ካሬ ሜትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ ዩሪያ፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው አፈር ያልብሱትና ያጠጡ። ዩሪያን ከአመድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል።

ስሩ ሹካ ይሆናል

ድንጋይ፣ የተጠቀጠቀ አፈር ወይም ያልፈረሰ የፍግ ጓል ነው። ችግኝ ሲዛወር ስሩ ከታጠፈም ይመጣል።

ዘሩ ሳይበቅል ይቀራል

ዩሪያ ዘሩን ነክቶት ይሆናል። ያቃጥለዋል። ያራርቋቸው።

ሲቆረጥ ውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ አለው

ቦሮን የሚባለው ንጥረ ነገር አጥሮት ነው። አመድ ሲበዛና አፈሩ ሲደርቅ ይብሳል። ቦራክስ የሚባለውን ቦሮን ያለበት ጨው ለ1 ካሬ ሜትር 1 ግራም፣ ውሃ ውስጥ አሟሙተው ያጠጡ። ቢበልጥ ከእሱ በኋላ የሚዘሩትን ቦሎቄ ይጎዳዋል፤ በሚዛን ካልሆነ አይሞክሩት።