ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስሜታችሁን አድምጡት

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ልትከራዩ ሄዳችሁ ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ እየመጣ ነው» ካላችሁ፣ ገንዘብ አታውጡ። ያቺ ድንጋጤ ዓይን ትጋርዳለች። ሰው የሚያጣውን ከሚያገኘው አብልጦ ስለሚመዝን፣ ቤቱ እንዳያመልጠው ሲጣደፍ የግድግዳው እርጥበትና የደረቀው ቧንቧ አይታዩትም።

ንዴት ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ሌርነርና ኬልትነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ፍርሃት የሚያጠቃቸው ሰዎች አደጋን አክብደው ሲገምቱ ቁጡዎቹ አቅልለው አይተውታል። ስለዚህ የታክሲ ሰልፍ ባንገበገባችሁ ወይም ከአከራያችሁ ጋር በተጣላችሁበት ቀን ውል አትፈርሙ። ንዴት ድፍረት ይመስላል፤ ውሉን ሳያስነብብ ያስፈርማል። ደስታም ያታልላል፣ በተለይ በረንዳው ሰፊ ከሆነ።

ከቤት ሳትወጡ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ከዚህ በላይ አልከፍልም የምትሉት ኪራይ፣ ውሃ በሳምንት ቢያንስ ስንት ቀን መምጣት እንዳለበት፣ እስከ ታክሲ በእግር ስንት ደቂቃ። ቤቱን እንዳያችሁ ስሜታችሁን በስሙ ጥሩትና ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፤ ጓጉቻለሁ 8፣ ፈርቻለሁ 7 እያላችሁ። ከ6 ካለፈ ያን ቀን ብር አይወጣም። ቁጥሩ መለኪያ ሳይሆን ልጓም ነው፤ ቆም ያደርጋል። ምግብ ብሉ፣ እደሩበት። በማግስቱ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ በሚበረታበት ጊዜ፣ ያለ ደላላው ተመልሳችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ጎረቤት ስለ ውሃው ጠይቁ።