ስታርትአፕ ሲያድግ ሰው አያያዝ እንዴት ይቀየራል?

አምስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ስትሰሩ አስተዳደር የሚባል ነገር ትዝም አይላችሁ። የጠፋ ነገር ካለ ዞር ብሎ መጠየቅ ነው። ሰው ሲጨመር ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ5 ሰዎች መካከል 10 የሁለት ለሁለት ግንኙነት አለ። 15 ስትሆኑ 105፣ 50 ስትሆኑ ደግሞ 1,225 ይደርሳል። "ድሮ እንግባባ ነበር፣ አሁን ምን ነካን?" ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

1. ገና 10 ሳትሞሉ መጻፍ ጀምሩ። ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ማን ምን ይሰራል? ያ ነገር ለምን ተወሰነ? አንድ ቦታ ይስፈር። አሰልቺ ስራ ነው፣ ግን አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ከሀ ከመጀመር ያድናል።

2. ሁሉም ለእናንተ ብቻ ሪፖርት ማድረግ ሲያቅተው የቡድን መሪ ሹሙ። ብዙ መስራች የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ጎበዙን ፕሮግራመር አለቃ ያደርገዋል፤ ጎበዝ ፕሮግራመር ያጣና ግራ የገባው አለቃ ያገኛል። መጀመሪያ ሰው መምራት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ካልፈለገ አለቃ ሳይሆንም ደሞዙ የሚያድግበት መንገድ ይኑር።

"አለቃ ምን ያደርጋል?" የሚል ሁሌም አይጠፋም። የጉግል መስራቾችም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢንጂነሪንግ አለቆችን አስቀርተው ሞክረውታል። ከጥቂት ወራት አላለፈም፤ የወጪ ሂሳብ የሚያጸድቅለት ያጣውም፣ ከባልደረባው የተጋጨውም ከመስራቾቹ አንዱ ላሪ ፔጅ ጋ ይመጣ ጀመር።

3. ከሾማችሁ በኋላ ውሳኔውን ልቀቁ። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። አንዱ የድሮ ሰራተኛ አዲሷን አለቃውን ዘሎ በራችሁን ያንኳኳል። "አንድ ደቂቃ ብቻ" ይላል። እዚያው ከመለሳችሁለት የእሷ ሹመት የስም ብቻ ሆነ። "ከእሷ ጋር ተነጋገርክ?" በሉትና መልሱት። ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው። እሷም እስከ ስንት ብር ያለ ማንም ፈቃድ እንደምታወጣ፣ ሰው መቅጠር እንደምትችል ወይም እንደማትችል በጽሑፍ ትወቅ።

4. ከውጭ አለቃ ስትቀጥሩ ነባሮቹ ወሬውን ከግሩፕ ላይ አይስሙት። በተለይ ቦታውን ይጠብቅ የነበረውን ሰው ቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩት፤ ለምን እሱ እንዳልሆነም ሳታድበሰብሱ ንገሩት።

5. ከቡድን መሪዎቻችሁ ጋር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለየብቻ ተቀመጡ። ስራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ቀጠሮ ነው። ደንበኛ ቢመጣባችሁ ወደ ማግስቱ አዙሩት እንጂ አትሰርዙት።