የነከሱን ትናንሾቹ ሸረሪቶች አልነበሩም

ደሴ ሆጤ አካባቢ ካለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ምስር የሚያካክሉ ሸረሪቶች መታየት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ልጄ ጠዋት ጠዋት ክንዷ ላይ በመስመር የተደረደረ፣ የሚያሳክክ ቀይ እብጠት ይዛ ትነሳለች። ሸረሪቶቹ ናቸው አልን።

ግድግዳውን ጠራረግሁ፤ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። የሚነፋ ፀረ ተባይ ነፋን። ሸረሪቶቹ ጠፉ፤ ንክሻው ግን ባሰ። የነቃሁት እዚህ ላይ ነው።

አንዲት የተረፈች አግኝቼ ብርጭቆ ደፋሁባትና በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየኋት። 8 እግር፣ ጸጉራም ሰውነት፣ ከፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ጣቴን ሳስጠጋ ዞር ብላ አየችኝና ዘለለች። ዘላይ ሸረሪት ናት። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ ዝንብና ትንኝ አድፍጣ ትይዛለች። ከተጨፈለቀች ልትነክስ ትችላለች እንጂ የሰው ደም ምግቧ ስላልሆነ የተኛ ሰው ፈልጋ አትመጣም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ፍራሹን ገለበጥሁ። ስፌቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ፤ የአልጋው እንጨት መጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ 6 እግር ነፍሳት። ትኋን!

አልጋውን ፈታትቼ መጋጠሚያውን ሁሉ የፈላ ውሃ አፈሰስሁበት። አንሶላውንና የትራስ ልብሱን ቀቀልን፤ የደሴ ፀሐይ ብቻዋን አትበቃም። የተረፈ እንቁላል ስለሚፈለፈል ከ10 ቀን በኋላ ሁሉንም ደገምነው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ የልጄ ክንድ ንጹሕ ነው። ሸረሪቶቹ መስኮቱ ጋ ተመልሰዋል፤ አልነካኋቸውም።