አከራይ «ጨምር» ሲል፦ በባሕር ዳር ደመወዝተኛ ተከራይ ምን ያድርግ?

እኔ እንዳየሁት በባሕር ዳር የኪራይ ጭማሪ የሚነገረው በአብዛኛው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ነው። በመስከረም መምህሩ ይዛወራል፣ ተማሪው ይመጣል፤ በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምክንያት ከየወረዳው የገባው ሰው ሲታከልበት አከራዩ ቤቱ ባዶ እንደማያድር ያውቃል። ስለዚህ ተከራይ ጭማሪው በተነገረው ዕለት «እሺ» ወይም «እለቃለሁ» ብሎ ከመመለስ ይልቅ «እትዬ፣ እስከ እሑድ አስቤ ልንገርዎት» ብሎ ቀን ቢወስድ ይሻለዋል።

በተወሰደው ጊዜ መጀመሪያ መሠራት ያለበት የደመወዝ ሒሳብ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የጀማሪ ባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ ከዚህ ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። አከራይ በዜና የሰማው 11,500ውን ነው፤ 8,595ቱን የሚያውቀው ተከራዩ ብቻ ነው። ለምሳሌ በ3,000 ብር የተያዘ ቤት 4,000 ቢገባ ኪራዩ እጅ ከሚገባው ደመወዝ ሢሶ ተነሥቶ ወደ ግማሹ ይጠጋል። ይህንን ቁጥር ሳያማርሩ በወረቀት ጽፎ ማሳየት ከረጅም ልመና የበለጠ ይሠራል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ደግሞ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለው ሒሳቡን ይበልጥ አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚሰላው የመልቀቅ ዋጋ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በ600 ብር ልዩነት ተናድጄ ከመሀል ከተማ ወደ ዓባይ ማዶ ገባሁ። ሥራ ለመድረስ ጠዋት ሁለት ባጃጅ፣ ማታም ሁለት ባጃጅ መያዝ ነበረብኝ፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣው ሌሊት ስለነበር ጄሪካን ለመሙላት እነቃ ነበር፤ ከአዴት ቤተሰብ የሚልክልኝን ጤፍ የማስቀምጥበት ደረቅ ጥግ እንኳ አልነበረም። በሁለተኛው ወር ሳሰላው የደላላውንና የዕቃ ማጓጓዣውን ሳልቆጥር ከ600 ብሩ በላይ ለመንገድ አውጥቻለሁ። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚታየው በሥራ ቀን፣ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ ከዚያው በር ተነሥቶ መሥሪያ ቤት ድረስ በመሄድ ነው።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንጂ በአከራዩ ፈቃድ ብቻ አይደረግም። ሆኖም አዋጁ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች በመሆኑ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ያለ ተከራይ አስቀድሞ በክፍለ ከተማው ወይም በቀበሌው ምዝገባ መጀመሩን ይጠይቅ። ብዙ አከራይ የኪራይ ገቢ ግብርን ስለሚፈራ ምዝገባ ሲባል ይደነግጣል፤ በእኔ አስተያየት ሕጉን በመጀመሪያው ንግግር መምዘዝ በሩን ይዘጋል እንጂ ኪራዩን አይቀንስም።

ድርድሩ የሚሻለው በልውውጥ ነው። ተከራዩ ከተጠየቀው የ1,000 ብር ጭማሪ 400ውን ቢቀበል፣ በምትኩ ኪራዩ ለሁለት ዓመት እንዳይነካ በጽሑፍ ይጠይቅ። የሦስት ወር ኪራይ አስቀድሞ የመክፈል ሐሳብ ግን ይቅርበት፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚደራደርበት ነገር አይቀረውም።

በውሉ ላይ ከኪራዩ ሌላ ጠብ የሚያስነሣው መብራት ነው። በአንድ ግቢ ስድስት በር አንድ ቆጣሪ ሲጋራ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግረውና አንዲት አምፖል ብቻ ያለው ላጤ እኩል ይከፍላሉ። ወይ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ይገጠም፣ ወይ ምጣድ ያለው የሚጨምረው ድርሻ በቁጥር ይጻፍ። ውሉን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ቆጣሪው በገቡበት ቀን የሚያሳየው ቁጥር በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለአከራዩም ይላክ። ኪራይ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክ በምክንያቱ ቦታ ላይ የወሩ ስም ይጻፍ፤ አከራዩ ጥሬ ብር ካልሆነ አልቀበልም ካለ ደግሞ በዚያው ዕለት ወሩና መጠኑ በደብተር ሰፍሮ ይፈርምበት።