ያገለገለ ማረሻ ስትገዙ ናፍጣና ጠመኔ ያዙ

ለእጅ ትራክተር ያገለገለ ማረሻ ደብረ ብርሃን የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ዝገቱ አያስፈራችሁ፤ ዝገት ይለቃል። የሚያከስረው ስንጥቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ከዝገቱ ስር ተደብቆ ዓይን አያየውም።

ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ በተለይ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ። ናፍጣ ቀቡትና ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ ጠርጋችሁ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች እርጥብ መስመር ብቅ ትላለች። ስንጥቁ ውስጥ የቀረውን ናፍጣ ጠመኔው መልሶ ስለሚመጠው ነው። መስመሯ ከብሎን ቀዳዳ የምትነሳ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት፤ መረሬ፣ ማለትም ከባዱ ጥቁር አፈር፣ ሲከብደው የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው።

ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ ስንጥቁን ስለሚደፍነው መጀመሪያ ሳይፋቅ አትመኑት።

ደህና ሆኖ ከተገኘ ፊቱን እስኪያብለጨልጭ አለስልሱት። የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ሻካራ ብረት ላይ እንደ ሊጥ ነው የሚጣበቀው። ስለቱን በግራይንደር ስታወጡ ቶሎ ቶሎ ውሃ ንከሩት፤ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ግለቱ ጥንካሬውን ወስዶታል።